ኤሊ ከአስፋልት፣ የሌሊት ወፍ ከኮርኒስ፦ መተው፣ ማሻገር፣ ማሳደር ወይስ ባለሙያ መጥራት?

ባለፈው ነሐሴ ከዘንዘልማ ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ የተሳፈርንበት ባጃጅ ድንገት ፍሬን ያዘ። "ጋሼ፣ ድንጋይ መስሎኝ ነበር እኮ" አለ ሹፌሩ። ድንጋዩ እየሄደ ነበር። የሰሃን ስፋት ያላት ኤሊ ናት። አስፋልቱን እስከ ግማሽ ተሻግራ፣ የሞተሩን ድምፅ ስትሰማ አንገቷን ወደ ውስጥ ሰብስባ ቁጭ አለች።

ወርደን ከበብናት። ሹፌሩ "ጣና እንጨምራት፣ ውሃዋን ትጠጣ" አለ። አጠገቤ የነበረችው ሴት "እኔ ልውሰዳት፣ ልጆቼ ይጫወቱባታል" አለች። ከወዲያ ጥግ የነበረው ተማሪ ደግሞ "የሚመለከተው አካል ይጠራ" አለ፣ ልክ ዜና ላይ እንደሚባለው። ሦስቱም ደግ አስበው ነው። ግን ኤሊዋ ወዴት እየሄደች እንደነበር ማንም አልጠየቀም።

አፍንጫዋ ወደ ግራ ነበር፤ ወደ ቦዩና ከቦዩ ማዶ ወዳለው ሣር። ጎንና ጎኗን በሁለት እጄ ያዝኩ። ከመሬት ብዙም ሳላርቃት ተሻግሬ ሣሩ ላይ አስቀመጥኳት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ሹፌሩ ያለውን ብናደርግ ኖሮ ልንገድላት እንችል ነበር። የየብስ ኤሊ ለመዋኘት የተፈጠረች አይደለችም። ጀርባዋ እንደ ጉልላት ያበጠ ነው፤ እግሯ እንደ ትንሽ የዝሆን እግር ደንዳና ነው። ሐይቅ ውስጥ ብትጣል ልትሰጥም ትችላለች። የውሃዋ ኤሊ ሌላ ናት። ጀርባዋ ጠፍጠፍ ያለ ነው፣ በጣቶቿ መሃል ቆዳ አለ። እኛ አገር ካሉት አብዛኞቹ ሲፈሩ አንገታቸውን ወደ ጎን ያጥፋሉ እንጂ ወደ ውስጥ አይስቡም። እሷም ብትሆን በክረምት ከኩሬ ኩሬ በእግሯ ትጓዛለች። መንገዷን ከእኛ በላይ ታውቀዋለች።

ከዚያ ወዲህ ሰው "እንዲህ ያለ ትንሽ እንስሳ አገኘሁ፣ ምን ላድርግ?" ብሎ ሲጠይቀኝ አማራጮቹን እያነጻጸርኩ ነው የምመልሰው። ጥያቄው ደግሞ በዝቷል። ከተማዋ ወደ ሐይቁም ወደ እርሻውም እየሰፋች ነው። ትናንት ሣር የነበረው ዛሬ መሠረት ተቆፍሮበታል። ክረምት ሲገባ ዝቅ ያለው ዳርቻ ውሃ ይሞላል። ሐይቁ የሚሞላው ወደ መስከረምና ጥቅምት ስለሆነ እስከዚያ ድረስ እባቡም እንቁራሪቱም አርጃኖውም ወደ ደረቁ ይወጣል። ደረቁ ላይ ደግሞ እኛ አለን።

መተው፣ ወይም መንገድ መክፈት

ይህ አማራጭ ስንፍና ይመስላል። በእኔ ግምት ግን ብዙውን ጊዜ ትክክሉ እሱ ነው። እንስሳው ካልቆሰለና መኪና ሊወጣበት ካልሆነ፣ ራቅ ብላችሁ ተመልከቱ። ውሻውን እሰሩ። ልጆቹን አስገቡ። በሩን ክፈቱ። አብዛኛው እንስሳ የሚፈልገው ከእኛ መሸሽ ብቻ ነው።

አርጃኖን ውሰዱ። ሽምብጥ አካባቢ አንድ ዘመዴ ግቢ ውስጥ ክንድ ሙሉ የሚሆን አርጃኖ ገብቶ ሰፈሩ ሁሉ ዱላ ይዞ ወጣ። አርጃኖ መርዘኛ ነው የሚል ብዙ ነው። እውነተኛው አደጋ ሌላ ነው፦ ይነክሳል፣ ይቧጭራል፣ በጭራው እንደ አለንጋ ይገርፋል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ግን ጥግ ሲይዙት ነው። በሩ ተከፈተ፣ ሰው ገለል አለ። አርጃኖው በግድግዳው ሥር ተሽሎክሉኮ ወደ ቦዩ ወጣ። የመጣው ለዶሮ እንቁላል ነበር። የዶሮው ቤት በወንፊት ሽቦ ሲዘጋ ተመልሶ አልመጣም።

የወፍ ጫጩት ደግሞ ሰው በደግነት ከሚያጠፋቸው ነገሮች ሁሉ ቀዳሚው ነው። ላባ አውጥታ፣ ጅራቷ አጭር ሆና፣ መሬት ላይ የምትዘል ወፍ አልወደቀችም። በረራ እየተማረች ነው። እናትና አባቷ ቅርንጫፍ ላይ ሆነው ያዩዋታል። ቤት የወሰዳት ሰው ከወላጆቿ ነጠቃት ማለት ነው። ድመት ካለ አንስቶ ቁጥቋጦ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል።

ላባ ያላወጣች፣ ዓይኗ ያልተገለጠ ከሆነች ግን ወደ ጎጆዋ መመለስ አለባት። "የሰው ሽታ ካረፈባት እናቷ አትቀበላትም" የሚባለው ተረት ነው። ትቀበላታለች። ጎጆው ከፈረሰ ትንሽ ቅርጫት ውስጥ ደረቅ ሣር አድርጋችሁ እዚያው ዛፍ ላይ እሰሩት። ከዚያ ራቁ። ሥሯ ቆማችሁ ከጠበቃችሁ እናቷ አትመጣም። የመንገድ ዳር ዘንባባ ቅርንጫፍ በሚቆረጥበት ሰሞን ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

የጦጣ ግልገልም እንዲሁ ነው። ብቻውን ካያችሁት መንጋው ሩቅ አይደለም። ጠጋ ካላችሁ እናቱ ልትነክሳችሁ ትችላለች። አንስቶ ማሳደግ ደግሞ የሁለት ዓመት ደስታና የአሥር ዓመት ጣጣ ነው። ጦጣ ሲያድግ ይናከሳል፣ ይታሰራል፣ ዕድሜውን ገመድ ላይ ይጨርሳል።

ማሻገር

ማሻገር ስል ከአደጋው ቦታ አንስቶ እዚያው አካባቢ ማስቀመጥ ማለቴ ነው። ከአስፋልቱ ወደ ሣሩ፣ ከግቢው ወደ ቦዩ ማዶ። በሜትር እንጂ በኪሎ ሜትር አይለካም። ገንዘብ አይጠይቅም። እንስሳውም ከሚያውቀው ውሃ፣ ከሚያውቀው ጉድጓድ፣ ከሚያውቀው ጥላ አይለይም።

ለኤሊ፣ ለእስስት፣ ለጉርጥና ለእንቁራሪት የምመርጠው ይህን ነው። ኤሊን ወደምትሄድበት አቅጣጫ እንጂ ወደመጣችበት አትመልሷት። ከመለሳችኋት ደግማ ትሻገራለች፣ ያኔ እናንተ አትኖሩም። ከፍ አድርጋችሁ አታንሷት፣ አታገላብጧት። ስትደነግጥ የያዘችውን ውሃ ትሸናለች። በበጋ ያ ውሃ የስንት ቀን ስንቋ ነው።

እስስትን ሰው ይፈራታል። "እንደ እስስት ተለዋዋጭ" እያልን ስሟን ስላጠፋነው ይሁን አላውቅም፣ ድንጋይ የሚወረውርባት ብዙ ነው። መርዝ የላትም። በእጅ አትያዟት፣ ጎኗ ስስ ነው። ቅጠል ያለበት እንጨት ከፊት እግሯ ሥር አስጠጉላት። እሷ ራሷ ትወጣበታለች። እንጨቱን ይዛችሁ ወደ ቁጥቋጦው ውሰዷት። በጣም ቀስ ብላ ነው የምትወጣው፤ ከኋላ የሚጠብቅ ባጃጅ ካለ ይሰድባችኋል።

እንቁራሪትና ጉርጥ ቆዳቸው ይተነፍሳል። እጃችሁ ላይ ሳሙና፣ ሎሽን ወይም የወባ ትንኝ ማባረሪያ ቅባት ካለ ይጎዳቸዋል። እጃችሁን በንጹህ ውሃ አርጥባችሁ ያዟቸው፣ ከዚያ ታጠቡ። ከኩሬ ኩሬ አታመላልሷቸው። የእንቁራሪት ቆዳ የሚያጠቃ ገዳይ ፈንገስ አለ፣ አገራችን ውስጥም ተገኝቷል። ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው በእጃችን ልናደርሰው እንችላለን።

ሩቅ ወስዶ መልቀቅ

ይህን ነው ሰው የሚወደው። "ዘጌ ጫካው አለ አይደል፣ እዚያ ይለቀቅ።" ወይም "ቤዛዊት ተራራ ላይ ሰው የለም።" ጆንያ ውስጥ ይከተታል፣ ባጃጅ ይያዛል፣ ይለቀቃል፣ ፎቶ ይነሳል። ለሰውየው ልብ ጥሩ ነው። ለእንስሳው ግን ብዙ ጊዜ ቀስ ያለ ሞት ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። እባብም ሆነ ኤሊ ሰፈሩን ያውቃል። የት እንደሚጠጣ፣ የት ፀሐይ እንደሚሞቅ፣ ቀዝቃዛ ሌሊት የት እንደሚደበቅ ያውቃል። ማያውቀው ቦታ ሲጣል ወደ ቤቱ ለመመለስ ይንከራተታል። ሲንከራተት መንገድ ያቋርጣል፣ ሰው ግቢ ይገባል፣ በንስርና በጭልፊት ይታያል። ሰው ከትውልድ ቀዬው ተነቅሎ ማያውቀው አገር ቢጣል እንደማለት ነው፣ ያውም ጠይቆ የማይረዳ ሰው።

ዘጌ ደግሞ ባዶ ጫካ አይደለም። ጫካው በቡናውና በገዳማቱ ተጠብቆ የኖረ ነው። ውስጡ ያሉት እንስሳት ቦታቸውን ይዘዋል። አዲስ መጪ ሲመጣ ይጣሉታል ወይም ያባርሩታል። ሰዎቹም አሉ። ከእናንተ ቤት ያወጣችሁትን እባብ የሌላ ሰው ቡና ሥር መልቀቅ ጉርብትና አይደለም።

ስለዚህ ይህን አማራጭ ከዝርዝሩ ጨርሶ ባላወጣውም መጨረሻ ላይ ነው የማስቀምጠው። የነበረበት ቦታ ጨርሶ ከጠፋ፣ ለምሳሌ ኩሬው ተደፍኖ ሕንፃ ከተሠራበት፣ ወይም የደንገሉ ዳር ተመንጥሮ እርሻ ከሆነ፣ ያኔ ሌላ መንገድ የለም። ያን ጊዜም ውሳኔው የሚያውቅ ሰው ይሁን። ቦታው ከነበረበት ጋር የሚመሳሰልና የሚቀርበው ሊሆን ይገባል። ከደንገል ዳር የተነሳ ወደ ደንገል ዳር፣ ከድንጋያማ ዳገት የተነሳ ወደ ድንጋያማ ዳገት።

ቤት ማሳደር

አንድ ሌሊት፣ ሲበዛ ሁለት። ከዚያ በላይ ከሆነ ማሳደግ ይባላል፣ እሱ ደግሞ ሕግ አለው። በአዋጅ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝና ማኖር አይቻልም። ኤሊ ግቢ ውስጥ ገድ ነው ብሎ ማስቀመጥ የተለመደ ቢሆንም ልማዱ ፈቃድ አይሆንም።

ማሳደር የሚያስፈልገው እንስሳው ሲቆስል፣ ሲመሽና የሚረዳ ሰው እስኪገኝ ነው። አሠራሩ ለሁሉም ያው ነው። ካርቶን ያዙ፣ ጎኑን በስክሪብቶ ብሱት፣ ሥሩ አሮጌ ፎጣ አንጥፉ። እንስሳውን አስገብታችሁ ክደኑት። ጨለማና ጸጥታ ከመድኃኒት ይበልጣል። ከደነዘዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከጎኑ አስቀምጡ። ሊሸሽ የሚችልበት ቀዝቃዛ ጥግም ይኑር።

አሁን ደግሞ የማይደረገው። ወተት አትስጡ። ዳቦ በወተትም አትስጡ። በተለይ የወፍ አፍ ውስጥ ውሃ አታንጠባጥቡ። የአየር ቧንቧዋ ምላሷ ሥር ክፍት ስለሆነ ውሃው ወደ ሳንባዋ ይገባል። አክስቴ ጋር ያደገ ሰው ይህን መቀበል ይቸግረዋል፤ የታመመን ሁሉ ማጉረስ አስተዳደጋችን ነው። የደነገጠ እንስሳ ግን አንድ ሌሊት ሳይበላ ቢያድር አይሞትም። የጎረሰው ይገድለዋል። በየአሥር ደቂቃው ከፍቶ ማየትም እንዲሁ።

ሌላው፣ ከነከሳችሁ። ውሻ ብቻ አይደለም የእብድ ውሻ በሽታን የሚያስተላልፈው። የሌሊት ወፍ፣ ቀበሮ፣ ጦጣ፣ ማንኛውም አጥቢ እንስሳ ሊያስተላልፍ ይችላል። ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ እጠቡ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። "ትንሽ ጭረት ናት" አትበሉ።

ባለሙያ መጥራት

ይህ ወረቀት ላይ ሲታይ ምርጡ ነው። መሬት ላይ ሲወርድ እንደ ቀኑና እንደ ሰዓቱ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ክንፏ የተሰበረች ጉጉት አገኘሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ ክሊኒክ ደወልኩ። "ባለቤቷ ማነው?" አሉኝ። የዱር ናት አልኳቸው። "ካርድ በማን ስም ይውጣ ታዲያ?" እውነታቸውን ነው፤ መዝገቡ የተሠራው ለላም፣ ለበግና ለዶሮ ነው። በመጨረሻ በእኔ ስም ወጣ። ጉጉት ገድ የላትም የሚሉ ጎረቤቶቼ እስከ ዛሬ ያነሱብኛል።

እንግዲህ ማን ምን ይችላል? ዘንዘልማ ያለው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ የእንስሳት ሕክምና ይማርበታል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲም ትልቅ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፣ ግን ከሦስት ሰዓት ያላነሰ መንገድ ነው። ለስብራትና ለቁስል የመጀመሪያው አማራጭ በሰፈር ያለ የእንስሳት ሐኪም ነው። ቀድማችሁ ደውሉ፣ ፎቶ በቴሌግራም ላኩ፣ "የዱር ነው" ብላችሁ ጀምሩ። ሕጋዊውን ጉዳይ፣ ማለትም ተይዞ የተገኘ፣ ሊሸጥ የቀረበ፣ ወይም ቦታው ጠፍቶ ሊዛወር የሚገባውን እንስሳ የሚመለከተው የክልሉ የአካባቢና የደን መሥሪያ ቤት ነው። ባሕር ዳር ነው ያለው፣ ግን የሥራ ሰዓት አለው።

ብዙ ሰው የሚጠቅሰው ሆለታ አጠገብ ያለውን እንስሳ ኮቴን ነው፤ ቦርን ፍሪ የሚያስተዳድረው የዱር እንስሳት ማገገሚያ ነው። ጥሩ ቦታ ነው። ከሕገ ወጥ ይዞታ የተወሰዱ አንበሶች፣ አቦሸማኔዎችና ጦጣዎች እዚያ ይገኛሉ። ከባሕር ዳር ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሰው አስሮ ያሳደገው ጦጣ ወይም የአቦሸማኔ ግልገል ሲገኝ በባለሥልጣን በኩል ወደዚያ ሊሄድ ይችላል። ለአንዲት እርግብ አይደለም።

ስለዚህ በእኔ ሚዛን ባለሙያ የግድ የሚሆነው ለሦስት ነገር ነው። እንስሳው ሲቆስል፣ እናንተን ሊገድል ወይም ክፉኛ ሊጎዳ የሚችል ሲሆን፣ እና ሕግ ሲኖርበት። ሌላውን መንገድ በመክፈትና በማሻገር እንጨርሰዋለን።

እባብ

"እባብ ያየ በልጥ በረየ" ይባላል። እኔም እበረያለሁ፣ አላፍርም። የትኛው መርዘኛ የትኛው ሰላማዊ እንደሆነ በቀለም ለመለየት አትሞክሩ። እፉኝት ወፍራምና ሰነፍ ስለሆነ አይሸሽም፤ ሰው "ተኝቷል" ብሎ ይቀርበዋል። ወደ ዓይን መርዝ የሚተፋም አገራችን ውስጥ አለ።

እቤት ከገባ የውስጥ በሮችን ዝጉ፣ በሥራቸው ጨርቅ ወትፉ። የውጭውን በር ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ። ከሩቅ ሆኖ ዓይኑን ከእባቡ የማይነቅል አንድ ሰው ይቁም። ጸጥታ ሲሰማ ይወጣል። በመጥረጊያ እንጨት እገፋለሁ ያለ ሰው ነው የሚነደፈው። ካልወጣ ሙያው ያለው ሰው ይፈለግ።

ከነደፈ ደግሞ በገመድ አትሰሩ፣ አትብጡ፣ በአፍ አትምጠጡ፣ መርዝ ይስባል የሚባለውን ጥቁር ድንጋይ አትለጥፉ። ቀለበትና አምባር አውልቁ፣ የተነደፈውን እጅ ወይም እግር እንዳይንቀሳቀስ ደግፉ፣ በቀጥታ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ውሰዱ። ዓይን ውስጥ ከተተፋ በብዙ ውሃ እጠቡና እሱንም ውሰዱ።

ኮርኒስ ውስጥ ያሉት

በዚህ ላይ ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐምሌ ኮርኒሳችን ውስጥ የሌሊት ወፍ ገባ። ቆርቆሮውና ግድግዳው የሚገናኙበት ላይ ሁለት ጣት የምታህል ክፍተት ነበረች። ማታ ሲወጡ ጠብቄ፣ መሰላል ላይ ወጥቼ፣ በሲሚንቶ ደፈንኩት። ጀግና መስዬ ወረድኩ።

በሁለተኛው ቀን ኮርኒሱ ጮኸ። ቀጭን፣ ያለማቋረጥ የሆነ ጩኸት። እናቶቹ ማታ ሲወጡ ግልገሎቹን እዚያው ሰቅለው ነበር የሄዱት። እናቶቹ ደግሞ ውጭ የሲሚንቶውን ዳር እየነኩ ይዞሩ ነበር። በአምስተኛው ቀን ጩኸቱ ቆመ። በሳምንቱ ሽታው ጀመረ። ኮርኒሱ ተነቅሎ እንደገና ተሠራ። ሲሚንቶ የቆጠበልኝን ገንዘብ አናጺው ወሰደው።

ነፍሳት የሚበሉ የሌሊት ወፎች ብዙዎቹ የሚወልዱት ምግብ ሲበዛ፣ በዝናቡ መግቢያ ነው። ከሚያዝያ እስከ መስከረም አትንኳቸው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ እንዲህ አድርጉ። መሸት ሲል ውጭ ቁሙና የሚወጡበትን ቀዳዳ ለዩ። ሌላውን ክፍተት ሁሉ ዝጉ። በዋናው ቀዳዳ ላይ ቀዳዳው ጠባብ የሆነ መረብ ከላይና ከጎን ምቱት፣ ከታች ግን ክፍት ተዉት፤ ክንድ ያህል ወደ ታች ይንጠልጠል። ሲወጡ ወደ ታች ሾልከው ይሄዳሉ። ሲመለሱ ቀዳዳውን ፊት ለፊት ነው የሚፈልጉት፣ ከታች መግባት አይመጣላቸውም። አንድ ሳምንት ጠብቃችሁ ማንም እንደማይወጣ ስታረጋግጡ ድፈኑት።

ኩሱን ስትጠርጉ ደረቁን አትጥረጉ። ውሃ ርጩበት፣ አፍና አፍንጫ ሸፍኑ። አቧራው ሳንባ የሚያሳምም ፈንገስ ሊኖረው ይችላል። ወለል ላይ የወደቀ የሌሊት ወፍ ካገኛችሁ ደግሞ በባዶ እጅ አትንኩት። ወፍራም ጨርቅ ጣሉበት፣ ሸክፋችሁ ግንድ ላይ አስጠጉት። ብዙዎቹ ከመሬት ተነስተው መብረር ይከብዳቸዋል። ከፍ ካለ ቦታ ግን ወድቀው ይነሳሉ።

ስለ ንብ መንጋ በአጭሩ፦ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ዘለላ ተንጠልጥሎ ያረፈ መንጋ ቤት እየፈለገ ነው፣ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይነሳል። እሳት አታስጠጉ። ግድግዳ ውስጥ ገብቶ እንጀራ ከሠራ ንብ አናቢ ጥሩ። ጎጃም ውስጥ ንብ አናቢ መፈለግ አይቸግርም፣ እንዲያውም ቀፎ ይዞ ሮጦ ይመጣል።

መረብ ላይ

ትልቁ ዓሣ በል ወፍ ፔሊካን ትንሽ እንስሳ ነው ማለት አይቻልም። ግን ባሕር ዳር ሆኖ እሱን መዝለል ነውር ነው። ዓሣ አስጋሪዎቹ የዓሣ ሆድ ዕቃ የሚጥሉበት ቦታ ላይ ይሰበሰባሉ፣ ያረጀ መረብም እዚያው ተጥሏል። እግራቸው ይታሰራል።

አንድ ሽማግሌ አስጋሪ ሲፈታ አይቻለሁ። መጀመሪያ ነጠላውን ራሱ ላይ ጣለበት፣ ዓይኑ ሲሸፈን ወፉ ረጋ አለ። ከዚያ ክንፎቹን ወደ አካሉ ሰብስቦ በብብቱ ሥር አቀፈው። መንቁሩን በአንድ እጁ ያዘ፣ ግን አንድ ጣቱን በሁለቱ መንቁር መሃል አስገባ። "ለምን?" ስለው "ልጄ፣ ይሄ አፍንጫ የለውም፣ በአፉ ነው የሚተነፍሰው። ጥርቅም ካደረግኸው ይታፈናል" አለኝ። እውነቱን ነው። የፔሊካን የአፍንጫ ቀዳዳ የተዘጋ ነው። ክሩ በመቀስ ተቆረጠ፣ አልተጎተተም። ሥጋ ውስጥ የገባ መንጠቆ ከሆነ ወደኋላ አይነቀልም፣ ሐኪም ይፈልጋል።

አንገተ ረጅሞቹ ወፎች፣ የዓሣ ወጊዎቹ ማለቴ ነው፣ ከፔሊካን ይልቅ አደገኛ ናቸው። ዓይን ይወጋሉ። መነጽር አድርጉ፣ መንቁሩን ቀድማችሁ ያዙ።

ጉድጓድ

የመሠረት ጉድጓድ፣ ያልተከደነ የውሃ ጉድጓድ፣ የተጀመረ የሽንት ቤት ጉድጓድ፦ ሌሊት የሚሄድ ሁሉ ይገባበታል። እዚህ ላይ አማራጮቹን ማነጻጸር እንኳን አያስፈልግም። ወርዶ መያዝ አደጋ ነው። የአፈር ግድግዳ በክረምት ይናዳል፣ የቆየ ጥልቅ ጉድጓድ ደግሞ አየሩ ይገድላል። ባለሙያ እስኪመጣ ደግሞ ይሰጥማል።

ሰባታሚት አካባቢ አንድ ወዳጄ ቤት ሊሠራ አራት የመሠረት ጉድጓድ አስቆፈረ። ዝናብ ዘነበና ጠዋት ላይ አንደኛው ውስጥ አምስት ጉርጥና አንድ ምን እንደሆነ ያልለየነው ቡናማ እባብ ተገኘ። ቀን ሠራተኞቹ አካፋ አነሱ። ወዳጄ ለመነኝ፣ እኔም ሠራተኞቹን ለመንኩ። ሌላኛው ጉድጓድ ላይ እንዲሠሩ ተስማማን። ለኮንክሪት ቅርጽ ማውጫ የመጣ ረጅም ጣውላ ነበር። አንዱን ጫፍ ጉድጓዱ ታች፣ ሌላውን ጫፍ አፉ ላይ አጋድመን አስቀመጥነው። እንዳያንሸራትት አሮጌ ማዳበሪያ ጠቀለልንበት፣ በሚስማር መታነው። ከዚያ ሁላችንም ሄድን።

በማግስቱ ጠዋት ጉድጓዱ ባዶ ነበር። ማዳበሪያው ላይ ከታች እስከ ላይ ጭቃ ተለጥፎበታል፤ ትንንሽ የእግር ነጠብጣቦች፣ በመሃላቸው ደግሞ አንድ የተጠማዘዘ ረጅም መስመር። ሠራተኞቹ ጣውላውን ሊያነሱት መጡ። ፎርማኑ "እስከ መስከረም እዚያው ይቆይ" አላቸው።